የግድቡን በር መቼ እንክፈት? የአዋሽ ተፋሰስ፣ የሕዝብ መሐንዲሶችና የሙላት ውሳኔ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የትምህርት መድረክ በቃል የቀረበ ገለጻ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



ገለጻዬን በአንድ ሌሊት ልጀምር። ነሐሴ አጋማሽ ነው እንበል፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። በአንድ ግድብ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ተረኛው መሐንዲስ ሦስት አኃዞች ቀርበውለታል። አንደኛው የሐይቁ የውኃ ከፍታ ነው። ሁለተኛው በዚያች ሰዓት ወደ ሐይቁ እየገባ ያለው ውኃ መጠን ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ ከዳርቻው ሳይወጣ ሊሸከመው የሚችለው መጠን ነው። ሐይቁ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ ደጋው ላይ ዝናቡ አላባራም። በሩን ዛሬ ቢከፍት በታች ያለው እርሻ በከፊል ይጥለቀለቃል። ሳይከፍት ቢያድርና ዝናቡ ቢቀጥል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ከፍቶም መዝጋት የማይችልበት ሁኔታ ውስጥ ይገባል። ከፍቶ ዝናቡ ቢያቆም ደግሞ በመጋቢት ወር ገበሬው፣ ፋብሪካውና የኤሌክትሪክ ኃይል ባለሥልጣናቱ «ውኃችንን የት አደረስከው?» ብለው ይጠይቁታል።

የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን ይህ ሰው ነው። በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደር፣ ስሙ በጋዜጣ የማይወጣ፣ ሥራውን በትክክል ሲሠራ ምንም ነገር ያልተከሠተ የሚመስልለት ሰው። ግድቦች ሲመረቁ ስለ ከፍታቸውና ስለ ሜጋ ዋታቸው ብዙ እንሰማለን። ከምረቃው በኋላ ስላሉት ስልሳ ወይም ሰባ ክረምቶች ግን እምብዛም አንነጋገርም። እኔ ዛሬ ስለነዚያ ክረምቶች ልነግራችሁ ነው፤ ምሳሌዬም የአዋሽ ተፋሰስ ይሆናል።

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በጊንጪ አካባቢ ካሉት ደጋዎች ተነሥቶ የበቾን ሜዳ አቋርጦ፣ የአቃቂንና የሞጆን ውኃ ከሚቀበለው የቆቃ ሐይቅ ይገባል። ከቆቃ ወጥቶ በወንጂና በመተሐራ የሸንኮራ አገዳ ማሳዎች አጠገብ ያልፋል፤ ወደ አሚባራ፣ ገዋኔ፣ ዱብቲና አሳይታ ይወርድና በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው የአቤ ሐይቅ ያበቃል። ርዝመቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር አይደርስም። ይህ የመልክዓ ምድር ትምህርት ብቻ አይደለም። ባሕር የማይደርስ ወንዝ የሚያመጣውን ሁሉ፣ ውኃውንም ደለሉንም ጨውንም፣ በራሱ ሸለቆ ውስጥ ያስቀራል። ለመሐንዲሱ ይህ ማለት «ወደ ታች ሸኘሁት» ብሎ የሚገላገለው ችግር የለም ማለት ነው።

የቆቃ ግድብ ሥራ የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ የተሠራውም ኢጣልያ ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። 43 ሜጋ ዋት ገደማ ለማመንጨት ታቅዶ የተገነባ ሲሆን፣ በኋላ ከበታቹ የተሠሩት አዋሽ ሁለተኛና አዋሽ ሦስተኛ የኃይል ማመንጫዎችም የሚንቀሳቀሱት ቆቃ በሚለቅላቸው ውኃ ነው። ከዚህ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ቆቃ የጎርፍ መከላከያ ሆኖ አልተነደፈም። ዋና ዓላማው መብራት ነበር። የታችኛው ሸለቆ በመስኖ ሲለማ ግን ወዲያውኑ ሁለተኛና ሦስተኛ ሥራ ተጨመረበት። በበጋ ለእርሻ ውኃ እንዲሰጥ፣ በክረምት ደግሞ ሙላትን እንዲገታ ተጠየቀ። ደመወዙ ሳይጨመር ሥራ የተደራረበበት ሠራተኛ ማለት ይህ ግድብ ነው።

እነዚህ ሥራዎች በባሕርያቸው ይጋጫሉ። መብራትና መስኖ የሚፈልጉት ሙሉ ሐይቅ ነው። ሙላትን መግታት የሚፈልገው ባዶ ሐይቅ ነው። ቆቃ ውኃውን የሚያገኘው በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለውን ረጅም ጊዜ የሚገፋው በዚያ ውኃ ነው። ስለዚህ መስከረም መጨረሻ ላይ ሐይቁ ካልሞላ ዓመቱ ከመጀመሩ ከስሯል። ነሐሴ ላይ ቀድሞ ከሞላ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ከባድ ዝናቦች የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ሊሞላ የሚገባው ከመጨረሻው ሙላት በኋላ፣ ነገር ግን ከመጨረሻው ዝናብ በፊት ነው። የትኛው ዝናብ የመጨረሻው እንደሆነ ደግሞ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ካልሆነ በቀር ማንም አያውቅም።

መሐንዲሶች ለዚህ ያበጁት መሣሪያ የአሠራር መምሪያ መስመር ይባላል። በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። አግድሙ የዓመቱን ቀናት፣ ቁመቱ የሐይቁን ከፍታ ያሳያል፤ መስመሩም በእያንዳንዱ ቀን ሐይቁ ከዚህ ከፍታ በላይ መሆን የለበትም ይላል። ሐምሌ ላይ መስመሩ ዝቅ ብሎ ለሙላት ቦታ ያስቀራል፤ ነሐሴ እያለቀ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ከሙሉው ከፍታ ጋር ይገናኛል። መስመሩን የሚሥሉት ያለፉትን አሥርት ዓመታት የፍሰት መዛግብት መርምረው ነው። እንግዲህ መምሪያው ትናንትን አጥንቶ ለነገ የተጻፈ ሕግ ነው። ደጋው ሲመነጠር፣ አዲስ አበባ በአስፋልትና በቆርቆሮ ስትሸፈን፣ የዝናቡ ጠባይ ሲለወጥ፣ መስመሩ ግን ራሱን አያርምም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የምጠቅሳቸው አኃዞች ለትምህርት የታሰቡ እንጂ የየትኛውም ወንዝ መዝገብ አይደሉም። አንድ ሐይቅ ሊሞላ 120 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ቀርቶታል። ሙላቱ ሲደርስ በሰከንድ 900 ሜትር ኪዩብ ይገባል። የታችኛው ወንዝ ያለ ጉዳት የሚሸከመው 300 ነው። መሐንዲሱ 300ውን እየለቀቀ 600ውን ይይዛል። በሰከንድ 600 ሜትር ኪዩብ በቀን 52 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ ሐይቁ ከሁለት ቀን ከሩብ በኋላ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ምርጫ የለም። የገባው ሁሉ ይወጣል፤ የታችኛው ሕዝብ የወንዙን አቅም ሦስት እጥፍ ይቀበላል።

አሁን ደግሞ መሐንዲሱ ሙላቱ ከመምጣቱ አምስት ቀን ቀድሞ ተጠራጠረ እንበል። በዚያን ጊዜ የሚገባው 150 ብቻ ነው፤ እርሱ ግን 300 መልቀቅ ጀመረ። በአምስቱ ቀናት 65 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ተጨማሪ ቦታ ያገኛል። ሙላቱ ሲመጣ ሐይቁ የሚሞላው በሁለት ቀን ከሩብ ሳይሆን በሦስት ቀን ተኩል ገደማ ነው። የአምስት ቀን ድፍረት የገዛው አንድ ቀን ከሩብ ነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ይህች አንድ ቀን ከሩብ ናት ሙላቱን የምታሳልፈው። ዝናቡ ባይመጣስ? ለአንድ ሄክታር በዓመት 10 ሺህ ሜትር ኪዩብ ብንመድብ፣ ያ የፈሰሰ ውኃ ከ6 ሺህ ሄክታር በላይ የሚያጠጣ ነበር። የኪሳራው ባለቤት ደግሞ ስሙና አድራሻው ይታወቃል፤ ቅሬታውን ይዞ ቢሮ ድረስ ይመጣል። ከሙላት የተረፈው ሰው ግን መትረፉን ስለማያውቅ ለምስጋና አይመጣም። የሕዝብ መሐንዲስ የሥራ ጫና ከየት ወደየት እንደሚያዘነብል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ግድቡ ያረጃልና በዚህ ላይ የሐይቁ አቅም ራሱ የተለወጠ ነው። ቆቃ ከተገነባ ጀምሮ ደለል ከመነሻ አቅሙ ከሩብ በላይ የሚሆነውን በልቶበታል። የሐይቁን ከፍታ የሚያሳየው ሚዛን ግን ስለ ደለል የሚያውቀው ነገር የለም። ድሮ በአንድ ከፍታ ላይ የሚገኘው ውኃ ዛሬ በዚያው ከፍታ ላይ አይገኝም። የከፍታና የይዘት ሠንጠረዡ በየጊዜው በሐይቁ ላይ በሚደረግ የጥልቀት ቅየሳ ካልታደሰ፣ ተረኛው «120 ሚሊዮን ቀርቶኛል» ሲል በእርግጥ የቀረው 80 ሊሆን ይችላል። በክፍል ውስጥ ስለ ስሌት ዘዴ ረቂቅ ክርክር እንከራከራለን። መስክ ላይ ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ያረጀ ሠንጠረዥ ላይ ነው።

ወደ ታች እንውረድ። ከቆቃ በላይ ያለው መሬት 11 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዋሽ ተፋሰስ በጠቅላላው 110 ሺህ ገደማ ነው። ቆቃ የሚቆጣጠረው ዐሥረኛውን ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። የተፋሰሱ ምሥራቃዊ ክፍል በአብዛኛው ደረቅ ስለሆነ ንጽጽሩ ትንሽ ያታልላል፤ ቢሆንም ከሸዋና ከወሎ ተዳፋት ወደ አዋሽ የሚወርዱት ከሰም፣ ከበና፣ ቦርከና፣ ሚሌና ሎጊያ በክረምት የሚያመጡት ውኃ ቀላል አይደለም። ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የከሰምና የተንዳሆ ግድቦች ተጨምረዋል፤ ይሁንና ከነዚህ ገባሮች ብዙዎቹ ዛሬም በር የላቸውም። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴና በተከታዩ መስከረም አዋሽ ሞልቶ በአፋር ክልል ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎችን ለጉዳት ሲዳርግ፣ በየመንደሩ «ግድቡ ተለቀቀብን» የሚል ቃል ይሰማ ነበር። ቃሉን የምጠቅሰው ለማስተባበል አይደለም። ግድብ ያለበት ወንዝ ሲሞላ፣ ውኃው ከበሩ የመጣም ይሁን ከተራራው፣ ተጠያቂ የሚሆነው በሩ እንደሆነ እንድናስተውል ነው። ሰው ለተፈጥሮ ያለውን ትዕግሥት ለመሐንዲስ አያደርግም፤ በእኔ አስተያየት ማድረግም የለበትም። ነገር ግን ለመጠየቅም ለመመለስም፣ በዚያች ሰዓት በበሩ ምን ያህል እንደወጣና ከገባሮቹ ምን ያህል እንደተጨመረ የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የጊዜ ጉዳይ ይመጣል። ከቆቃ የተለቀቀ ውኃ ወንጂ የሚደርሰው በሰዓታት ሲሆን፣ ታችኛው አዋሽ ለመድረስ ግን ብዙ ቀናት ይወስድበታል። ዛሬ ቆቃ ላይ የሚወሰነው ውሳኔ ዱብቲ ላይ ሥጋ የሚለብሰው፣ ምናልባት ሚሌ በሚሞላበት ዕለት ነው። ሁለት ሙላቶች በየብቻቸው ሲመጡ ወንዙ ይችላቸዋል፤ ጫፍ ለጫፍ ሲገጥሙ ይገነፍላል። ስለዚህ ጥሩ የተፋሰስ አስተዳደር ማለት «ስንት እንልቀቅ?» ከሚለው ይልቅ «የእኛ ውኃ እዚያ ሲደርስ ማን ይጠብቀዋል?» የሚለውን መጠየቅ ነው። ይህን ለመጠየቅ ደግሞ የሦስት ግድቦች ተረኞች በአንድ ሌሊት እርስ በርሳቸው መደዋወል አለባቸው። ቀላል ይመስላል።

ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። በሩን የያዘው የኤሌክትሪክ ኃይል መሥሪያ ቤት ነው። ተፋሰሱን እንዲያስተዳድር ኃላፊነት የተሰጠው ሌላ አካል ነው። ዝናቡን የሚተነብየው የሚቲዎሮሎጂ ተቋም ነው። ሕዝቡን ከውኃው የሚያወጣው የክልሉና የወረዳው አስተዳደር ነው። መስኖውን የሚያለሙት ደግሞ የስኳር ፋብሪካዎች፣ ባለሀብቶችና አርብቶ አደሮች ናቸው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ አንድን ወንዝ በአንድ አካል ሥር የማስተዳደር ሐሳብ በአገራችን ተቋማዊ መልክ የያዘበት የመጀመሪያው ሙከራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኃላፊነቱ በየዘመኑ ስሙም ቤቱም ተለዋውጧል። የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ በ1999 ዓ.ም. ወጣ፤ የአዋሽ ተፋሰስ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በኋላም ተፋሰሶቹ በአንድ አገር አቀፍ ባለሥልጣን ሥር ተጠቃለሉ፤ እርሱም ተመልሶ ወደ ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ገባ። እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል፤ እኔ በዚያ አልፈርድም። ነገር ግን መሥሪያ ቤት በፈረሰ ቁጥር የሚጠፋው ጠረጴዛና ወንበር አይደለም። በ1980ዎቹ በነበረው ሙላት የትኛው ዳይክ የት ቦታ ላይ እንደተደረመሰ የሚያስታውሰው ሰው ነው የሚጠፋው።

ስለ ዳይክ አንድ ነገር ልጨምር። በወንዙ ዳር የሚካበው የአፈር ግንብ እርሻውን ከሙላት ይጠብቃል፤ ያንን ውኃ ግን አያጠፋውም፤ ወደ ጎረቤት ነው የሚልከው። በተጨማሪም ቀድሞ በሜዳው ላይ ተበትኖ ይቀር የነበረው ደለል በሁለቱ ግንቦች መካከል ይወርድና የወንዙን መኝታ ከፍ ያደርገዋል። ከዓመታት በኋላ ወንዙ ከአካባቢው መሬት በላይ ሲፈስ ታገኙታላችሁ። በዚህ ላይ ለዐሥር ዓመት ሙላት ያላየ ሰው ከግንቡ ሥር ቤት ይሠራል፤ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ መንገድ ይገባል። ጥበቃው ራሱ የሚጠበቀውን ነገር እያበዛው ይሄዳል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው አባባላችን ለመሐንዲሱም ይሠራል።

እስከ አሁን ሙላትን እንደ ጠላት ብቻ ስናገር ቆየሁ። ይህ የተማርኩበት ትምህርት ያወረሰኝ ዝንባሌ ነው። ለአፋር አርብቶ አደር የአዋሽ ሙላት ለዘመናት የሕይወት ምንጭ ነበር። ውኃው ሜዳውን አዳርሶ ሲመለስ በሚበቅለው ሣር ላይ ከብቱ በጋውን ይወጣበት ነበር። ቆቃ ፍሰቱን ከገራ በኋላ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮም በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ የጥጥና የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ሲስፋፉ፣ ለበጋ የሚጠበቀው ያ የወንዝ ዳር ግጦሽ እጅግ ጠበበ። በ1965 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ አርብቶ አደሩ የሚያፈገፍግበት ሥፍራ አልነበረውም፤ በከብትም በሰውም የደረሰው እልቂት በጥናቶች ተመዝግቧል። ዝናቡ መቅረቱ የመሐንዲሶች ጥፋት አልነበረም። የመጠጊያው መሬት መታረስ ግን በዕቅድ የተሠራ ነበር፤ በዕቅዱ የትርፍና የወጪ ሠንጠረዥ ውስጥም ያ ሣር ዋጋ የተሰጠው አይመስልም። ስለዚህ «ሙላትን ተቆጣጠርን» ስንል የማንን ሙላት፣ ለማን ሲባል የሚለውን አብረን ልንጠይቅ ይገባል። ዛሬ በሌሎች አገሮች ከግድብ ሆን ተብሎ የሚለቀቅ ልከኛ ሙላት ለአካባቢ ጥበቃ ሲባል ይሞከራል። የእኛ አርብቶ አደሮች ጥቅሙን ያውቁ የነበረው ስሙ ከመውጣቱ በፊት ነው።

ቋንቋችን ሙላትንና ደራሽን ይለያል፤ ይህ ልዩነት ለሙያው እጅግ ጠቃሚ ነው። ሙላት ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ለቀናት ይቆያል፤ በር ካለ በበር ይገራል። ደራሽ ግን ከደመና እስከ በራፍ ያለው ጊዜ በሰዓት፣ አንዳንዴም በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል በድሬዳዋ ደቻቱ ያመጣው ደራሽ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ለወትሮው ደረቅ አሸዋ የሆነ፣ ሰው የሚነግድበትና የሚሻገርበት ወንዝ ነበር። እዚያ የሚከፈትም የሚዘጋም በር አልነበረም። በዚያው ክረምት ጥቂት ቀናት ቆይቶ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ቆላ ከ360 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ያ ሙላት ነበር። ሁለቱ የሚጠይቁት ምህንድስና አንድ ዓይነት አይደለም። ለደራሹ የሚጠቅመው የላይኛው ተዳፋት ጥበቃ፣ የወንዙን መተላለፊያ ከቤት ነጻ ማድረግ፣ ሌሊትም የሚሰማ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ለሙላቱ ደግሞ የፍሰት ልኬት፣ የጊዜ ስሌትና ቀድሞ የሚወጣበት ከፍታ ቦታ ነው።

አሁን ወደ ሌላ አገር ልውሰዳችሁ፤ የተረኛውን መሐንዲስ ጥያቄ ከዚህ ጉዳይ በላይ ጥርት አድርጎ ያሳየኝ ስለሌለ ነው። በአውስትራሊያ የብሪዝበን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1974 በከባድ ሙላት ተመታች። ከዚያ በኋላ በ1980ዎቹ አጋማሽ የዊቨንሆ ግድብ ተጠናቀቀ። ግድቡ ሁለት ክፍል አለው ማለት ይቻላል፤ የታችኛው 1.16 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ለከተማው የመጠጥ ውኃ፣ ከዚያ በላይ ያለው የሚበልጥ መጠን ደግሞ ባዶ ሆኖ ሙላትን እንዲጠብቅ። ንድፉ የእኛን ቆቃ ግጭት ከጅምሩ የፈታ ይመስላል። ይሁን እንጂ በ2000ዎቹ ረጅም ድርቅ መጣ፤ የከተማዋ ግድቦች ከአምስተኛው በታች ወረዱ። ያን ድርቅ ያየ ሕዝብና ያየ ፖለቲከኛ የመጠጥ ውኃውን ክፍል ዝቅ ለማድረግ አይደፍርም። በጥር 2011 ከባድ ዝናብ ዘነበ፤ የሙላቱ ክፍል ሞላ፤ መሐንዲሶቹ ግድቡን ለማዳን ብዙ ውኃ ለመልቀቅ ተገደዱ፤ ብሪዝበንም ተጥለቀለቀች።

የመርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከዋና ዋናዎቹ ጥያቄዎች አንዱ በጣም ጠባብ ነበር፤ በዚያ ቅዳሜና እሑድ መሐንዲሶቹ ከመምሪያው ስልቶች የትኛውን ይከተሉ ነበር? የወሰኑት በዝናብ ትንበያ ነው ወይስ መሬት ላይ በወረደው ዝናብ ብቻ? በኋላ የጻፉት ዘገባስ ያኔ ያሰቡትን ያሳያል ወይስ ኋላ የተቀነባበረ ነው? መሐንዲሶቹ በሌላ መርማሪ አካል ተመርምረው በጥፋት አልተከሰሱም። ጉዳዩ ግን ከ6 ሺህ በላይ ተጎጂዎች ባቀረቡት የጋራ ክስ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2019 ፍርድ ቤቱ ቸልተኝነት አለ ብሎ ፈረደ። በ2021 የክልሉ መንግሥትና አንዱ ተቋም 440 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የግድቡን ባለቤት በሚመለከት የቀድሞውን ፍርድ ሻረ። ዐሥር ዓመት፣ የአገሩ ምርጥ ባለሙያዎችና ጠበቆች ሁሉ ተሰልፈው፣ በአንድ የሳምንት መጨረሻ ውሳኔ ላይ ሁለት ፍርድ ቤቶች ተቃራኒ መልስ ሰጡ።

ከዚህ የማወጣው «ፍርድ ቤት ጣልቃ አይግባ» የሚል አይደለም። የማወጣው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ መምሪያው ስለ ትንበያ አጠቃቀም ጥርት ያለ ቃል ሊኖረው ይገባል። ትንበያ በአኃዝ ሳይሆን በዕድል መጠን የሚመጣ ነው፤ «ከመቶ ስልሳ» የሚል ትንበያ ሲደርሰው በሩን ይክፈት ወይስ አይክፈት የሚለውን ተረኛው በሌሊት ብቻውን እንዲፈታው መተው ፍትሐዊ አይደለም። ያ የምህንድስና ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የማን ንብረት ለማን ደኅንነት እንደሚሠዋ የሚወስን የሕዝብ ጥያቄ ነው፤ ሐምሌ ሳይገባ በቀን ብርሃን፣ ጉዳዩ በሚመለከታቸው ሁሉ ፊት መወሰን ያለበት ነው። ሁለተኛው ውሳኔው በተደረገባት ሰዓት ከነምክንያቱ መመዝገብ አለበት። ከሳምንት በኋላ የሚጻፍ ምክንያት፣ ጸሐፊው ምን ያህል ሐቀኛ ቢሆን፣ ያለፈውን ሙላት አይቶ የተጻፈ ነው።

ስለ መዝገብ ካነሣሁ የራሴን ላክል። በወጣትነቴ በአንድ ወንዝ ላይ የልኬት መዛግብትን እንድመረምር ተልኬ ነበር። በአንድ ጣቢያ መዝገብ ውስጥ፣ በክረምት አጋማሽ፣ ዘጠኝ ተከታታይ ቀናት አንድ ዓይነት የውኃ ከፍታ ተጽፎ አገኘሁ። አንባቢውን ፈልጌ ጠየቅኋቸው። አዛውንት ሰው ነበሩ፤ አልዋሹኝም። «ልጄ፣ የመለኪያውን እንጨት ጎርፉ ወሰደው፤ አዲስ ላኩልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ አመለከትኩ፤ ባዶ ከምተወው ብዬ የመጨረሻውን ቁጥር ደጋገምኩት» አሉኝ። የተሰጣቸው የወር አበል ከቤታቸው እስከ ወንዙ ለሚያደርጉት የቀን ሁለት ጊዜ ጉዞ የጫማ ዋጋ አይሆንም ነበር። እነዚያ ዘጠኝ ቀናት የዚያ ዓመት ከፍተኛ ሙላት ያለፈባቸው ቀናት ናቸው። በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርተው የተሠሩ የንድፍ ስሌቶች ከዚያ በኋላ በእጄ አልፈዋል። የሙላቱ ጫፍ ጠፍቶ በአማካይ ቁጥር ተተክቶ ነበር። ሳተላይትና ኮምፒውተር በሚያስደንቅ ሁኔታ ረድተውናል፤ የአሌክትሮኒክስ ትንበያ ሥርዓቶችም እየተስፋፉ ነው። ይሁንና ሁሉም ወንዙ ዳር በተተከለ መለኪያና እሱን በሚያነብ ሰው ላይ ይቆማሉ።

ስለ ቆቃ የግሌን አቋም ልናገርና ለጥያቄ ቦታ ልስጥ። ግድቡ ሲሠራ 43 ሜጋ ዋት ለአገሪቱ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ አቅም ያለው የዓባይ ግድብ ባለበት አገር ያ መጠን ትንሽ ድርሻ ነው። በሌላ በኩል ከቆቃ በታች የሚኖረው ሕዝብ፣ የሚታረሰው መሬትና የተገነባው ንብረት በ1952 ዓ.ም. ከነበረው ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ በነሐሴ ወር ለሙላት የሚተወውን ባዶ ቦታ ማስፋት፣ ለዚህም ሲባል አንዳንድ ዓመት የኤሌክትሪክ ምርት ማጣት፣ በጥናት ሊመዘን የሚገባው አማራጭ ነው ብዬ አምናለሁ። መስኖው ግን በዚህ ይጎዳል፤ የአርብቶ አደሩ ድምፅም በውይይቱ ውስጥ መኖር አለበት። መልሱን አልያዝኩም፤ ጥያቄው በኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ጠረጴዛ ላይ ብቻ መቅረቱ ትክክል አይደለም እላለሁ።

ከተሳታፊዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ፦

ጥያቄ፦ የቆቃ ሐይቅ ደለል ተጠርጎ ቢወጣ የነበረውን አቅም አይመልስልንም ወይ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ እጠየቃለሁ፤ እስኪ አብረን እናስላው። አንድ ገልባጭ መኪና 15 ሜትር ኪዩብ ይጭናል እንበል። አንድ ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ደለል ብቻ ለማውጣት ከ66 ሺህ በላይ ምልልስ ያስፈልጋል። በቆቃ ያለው ደለል በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው። በመርከብ መሳቢያ ማውጣትም ይቻላል፤ ወጪው ግን አዲስ ማጠራቀሚያ ከመሥራት ጋር መወዳደር አለበት። በሌሎች አገሮች የክረምቱ መጀመሪያ ድፍርስ ውኃ ሐይቁ ውስጥ ሳይተኛ በታችኛው በር እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ለዚህ ግን ግድቡ ሲነደፍ በቂ የታች በር ሊኖረው ይገባል። ለቆቃ ተግባራዊው መንገድ በበቾ ዙሪያና በሞጆ ተፋሰስ አፈሩን ከመሠረቱ መያዝ ነው፤ ውጤቱም በዓመት ሳይሆን በዐሥርት ዓመታት የሚታይ ነው። ጠርገን አወጣነው ብንል እንኳ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ይቀራል፦ ያንን ሁሉ አፈር፣ የአዲስ አበባ ፋብሪካዎች ዝቃጭ የተቀላቀለበትን፣ የማን መሬት ላይ እናራግፈዋለን?